የፒፖ ሆድና የእናቴ ሰሃን

የፒፖ ሆድ ምንም ነገር አይችልም ነበር። ወተት ከቀመሰ ያስቀምጠዋል፤ ቅባት ከነካ ያስመልሰዋል፤ አጥንት ከቆረጠመ ደግሞ እስከ ማግስቱ ጀርባውን አጉብጦ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከድመት ብዙም የማይበልጥ፣ ነጭ፣ ጆሮዎቹ ብቻ ቡናማ የሆኑ ውሻ ነበር። እናቴን ሊያስገድላት የደረሰውም፣ በመጨረሻ ያስለቀቃትም እሱ ስለሆነ የምነግራችሁን ታሪክ ከእሱ ሆድ መጀመር አለብኝ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከመውደቁ በፊት በነበረው የመጨረሻ ፋሲካ፣ አስመራ በተከበበችበት ጊዜ ነው። ያኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶብኝ ቤት የዋልኩ፣ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር መዋል የሚቀለኝ ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ማይ ጭሆት ሰፈር ነው። እናቴ ለተብርሃን ጥራቮሎ በሚባለው የቪላዎች ሰፈር በአንድ ቪላ ወጥ ቤት ነበረች። በዚያ ቪላ መጀመሪያ የኖረችው አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ነበረች፤ ሲኞራ ነበር የምንላት። ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ አትክልቷን አጠጣላት ነበር። የፒፖን ነገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከበባው ሲጠብቅ በአውሮፕላን ወጣች። ለእኔ ስለ ቤት እንስሳት የተጻፈ ወፍራም የጣሊያንኛ መጽሐፍ፣ ውሻውን ደግሞ ቪላውን ለተረከቡት ሰዎች ትታ ሄደች። መጽሐፉን ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ አነበብኩት። ስለ ሆድ የሚያወራውን ክፍል ከሌላው ይልቅ ደጋግሜዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያገለግለኝ እሱ ነበር።

ቪላውን የተረከቡት አንድ ሻለቃና ባለቤቱ እትዬ አስካለ ናቸው። ሻለቃው አብዛኛውን ጊዜ በደቀመሓሪ ግንባር ስለሆነ ቤት ውስጥ የምትውለው እሷ ነበረች። ልጅ የላቸውም። ፒፖን በገባች በሳምንቱ ወደደችው፤ እናቴንም ከነሥራዋ፣ እኔንም ከነመጽሐፌ አስቀረችን።

የፒፖ ምግብ እንዲህ ነው። ሩዙ እህሉ እስኪፈርስ ይቀቀላል። ካሮት ተልጦ፣ ተቀቅሎ ይፈጫል። ሥጋ ከተገኘ ጮማው ተለቅሞ፣ በውሃ ብቻ በስሎ፣ በጣት ይፈተፈታል። ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ሽንኩርት የለም። ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም አይሰጠውም፤ ለብ ሲል ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ መስጠት ይሻላል። ካስመለሰው ደግሞ ምንም አይሰጠውም፤ ሆዱ ያርፋል፤ ከዚያ ውሃ በማንኪያ፣ ከዚያ የሩዝ ውሃ፣ ከዚያ ሩዝ።

በዚያ ዓመት ይህን መሥራት ያሳፍር ነበር። ሰው ከፎርኖ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጅ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ አንዲት ባኒ ዳቦ ይዞ ከተመለሰ ዕድለኛ ነው። ሩዙ ለመኮንኖች ቤት በአውሮፕላን የሚመጣ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ተኽለ በሰልፉ ላይ ባየኝ ቁጥር ፒፖ ዛሬ ምን በላ ይለኛል። ሩዝ በካሮት ስለው፣ «ለሻለቃው ንገርልኝ እንግዲህ። ጭራ ካስፈለገ እኔ አበቅላለሁ» ይልና ሰልፉን ያስቀዋል። እኔም እስቃለሁ። እናቴ ግን አትስቅም። የደረሳትን ዳቦ ለሁለት ከፍላ ትልቁን ለእኔ የምትሰጥ ሴት ነበረች፤ ሰዓቷ ከእጇ እየወረደ ስላስቸገራት ከተወችው ወራት አልፎ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ እትዬ አስካለ ሥጋ በድስቷ እንዳይገባ አዘዘች። ፒፖስ ብዬ ጠየቅኳት። በክርስቲያን ቤት እስካለ ድረስ አብሮን ይጹማ አለችኝ፤ እየቀለደች መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ስለዚህ ፒፖ ጾመ። ሩዝ፣ ካሮት፣ ድንች፣ አንዳንዴ ያለ በርበሬ የበሰለ የምስር ውሃ። ከሳ፤ ሆዱ ግን እንደዚያ ጾም ሰላም ሆኖ አያውቅም። እኔ ያሳሰበኝ የጾሙ መጨረሻ ነበር። የረጋን ሆድ በአንድ ቀን ማበላሸት እንደሚቻል መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ፤ ፋሲካ በዚያ ቤት እንዴት እንደሚውል ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም።

የቅዳሜ ለት ሻለቃው ከነአጃቢው ከግንባር መጣ። አጃቢው አሥር አለቃ ደምሴ ይባላል፤ ክላሹን ከትከሻው የማያወርድ፣ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ የሚሰጥ ሰው ነው። ዶሮውንም ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ እሱ ነው ያመጣው። ቅቤው ከአዲስ አበባ ከእትዬ አስካለ እህት በአውሮፕላን የተላከ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው የሚመለሰው ሲነጋ ነው። እትዬ አስካለና ሻለቃው ከነአጃቢያቸው ሲሄዱ እናቴ ወጡን ልትሠራ፣ እኔም ላግዛት እዚያው አደርን።

እናቴ ከዓርብ ጀምሮ አክፍላ ነበር። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ነው ያን ወጥ የሠራችው። ጾመኛ ወጥ ቤት ወጡን አይቀምስም፤ ጨዉን በእንፋሎቱ ያውቃል። ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድስቱን ስትከፍት ፊቷን ዞር ታደርግ የነበረ መሆኑን አስታውሳለሁ።

ሲነጋ ቧንቧው ውሃ ስላልነበረው በሁለት ጀሪካን ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ አስካለ ቄጤማ በራሷ አስራ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ያበራል።

«ዮናስ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችኝ። «ፒፖን አስፈስኬዋለሁ።»

«ምን ሰጡት እትዬ?»

«ከዶሮው ነዋ። ዳቦውን ከላይ የሰፈፈው ቅቤ ላይ እየነከርኩ። እንዴት ይብላው መሰለህ። ሁለት ወር ሙሉ አብሮኝ ጾሞ በዛሬው ቀን ደግሞ ሩዝ ልስጠው?»

ጀሪካኑን አስቀምጬ ውሻውን ፍለጋ ገባሁ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሻለቃው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ የግንባሩ አቧራ ከፀጉሩ ገና አልለቀቀም። እናቴ ድስቱን ከፊቱ አስቀምጣ ወደ ኋላ ተመልሳለች። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ገብታ ዳቦውን አነሳች። ያን ጊዜ ፒፖ ከጠረጴዛው ስር ሁለት ጊዜ አቃሰተና በሻለቃው ቡት ላይ አስመለሰ። ቀይ ነበር፤ በቅቤ የሚያብረቀርቅ። ከዚያ የፊት እግሮቹን ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ የኋላውን ሽቅብ አንስቶ፣ ሰጋጅ መስሎ ቆመ። ሆዱን ሲያመው እንደዚያ ያደርጋል። ጥቂት ቆይቶ በጎኑ ወደቀ።

ሻለቃው እጁን ወደ ዳቦው እንደዘረጋ አሥር አለቃው ሰሃኑን ከፊቱ ሳበው።

«ጓድ ሻለቃ፣ አይንኩት።»

በዚያ ሰሞን አንድ መኮንን ተጋብዞ ከበላበት ቤት ወጥቶ ሞተ የሚል ወሬ በከተማው ይወራ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለነው ሁሉ ግን ሰምተነዋል። ስለዚህ አሥር አለቃው ምን እንዳሰበ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

እናቴን ጠራት። ወጡን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ጠየቃት። ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም እንዳልነበረ ነገረችው።

«ቀምሰሽዋል?» አላት።

«አልቀመስኩም።»

«ወጥ ሠሪ ሆነሽ ወጥሽን አልቀመስሽም?»

«ጾም ነበር።»

«ሓቁን ተናገሪ እኮ ነው የምልሽ» አላት፤ የትግርኛ አነጋገሯን እየቀዳ ነበር።

እትዬ አስካለ ለተብርሃን እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም፣ ያከፈለች ሴት ናት ብላ ጀመረች፤ ሻለቃው ቀና ብሎ ሲያያት ሳትጨርስ ዳቦውን አስቀመጠች። እኔ ውሻውን ከወለሉ አንስቼ ቅባቱ ነው፣ ይህ ውሻ ቅባት አይችልም፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይሆናል አልኩ። መጽሐፉ ሽንኩርትም የውሻ መርዝ ነው ይላል፤ ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ፣ ከቀናት በኋላ የሚታይ ነው። መርዝ የምትለዋን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ማውጣት ስላልቻልኩ ሽንኩርቱን ተውኩት።

አሥር አለቃው ሰማኝ። «ሰው ቅጠል ሊበላ በደረሰበት አገር ውሻ ሐኪም አለው» አለ። «ሐኪሙ ደግሞ የእሷ ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የምለው ነገር ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሜዳ ወጥቶ ከታጋዮቹ ጋር ነው፤ ለጠየቀን ሁሉ ሱዳን ሥራ ይዟል እንላለን። እናቴን ወስደው አንድ ቀን ቢመረምሯት ይህ ይወጣል። ይህ ከወጣ የወጡ ነገር ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ወደሚመረመርበት ቦታ የገባ ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ ብዙውም እንደማይወጣ ማይ ጭሆት ውስጥ የማያውቅ የለም።

እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ በትከሻዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ በጭራሽ ያልጠበቅኩትን ተናገረች።

«አምጡት፤ እኔ ልብላው።»

ይህን ያናገራት ቁጣዋ ነው። እድሜዋን ሙሉ በሠራችው ሥራ ነው የጠረጠሯት። ለሰው ያበሰለችው መርዝ ተብሎ ሲነሳ ልትበላው መነሳቷ ለእሷ የሚያስገርም አልነበረም። እኔ ግን ውሻውን እንደያዝኩ የእሷን ሆድ አሰብኩ። ለወራት የተራበ፣ ሁለት ወር የጾመ፣ ከዓርብ ጀምሮ ውሃ ያልነካው ሆድ ነው። በክንዴ ላይ ከሚንቀጠቀጠው ከፒፖ ሆድ ምንም ልዩነት አልነበረውም። ያን ቅቤ ከበላች ያስመልሳታል። ካስመለሳት ደግሞ መርዝ ነው ይባላል።

አሥር አለቃው ሰሃኑን በእጁ ሞላ። ከላይ ያለውን ቅቤ በጭልፋ እየቀዳ አፈሰሰበት።

እትዬ አስካለ ለቤቱ ሰው ሁሉ ጾም መፍቻ የሚሆን ተልባ በጥብጣ በማሰሮ አስቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ተልባውን ትጠጣ፣ ማንም ሰው ከአክፍሎት በቀጥታ ወደ ሥጋ አይገባም ብዬ ለመንኩ።

«ማርከሻው እሱ ነው?» አለኝ አሥር አለቃው።

«ተልባ እኮ ነው፤ እኔ ነኝ የበጠበጥኩት» አለች እትዬ አስካለ።

«እሷ ከበላች በኋላ፣ እመቤቴ።»

ሻለቃው እስከዚያ ድረስ ቡቱን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኪና ይመጣልኛል አለ። እስከዚያ ውሻው ከተነሳ፣ እሷም የበላችው ከረጋላት፣ ቤቷ ትሂድ። ካልሆነ ለሚመለከተው ትሰጣለች። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር የሚመስለው፤ ፍርዱንም የሰጠው ቶሎ ለመገላገል ያህል ነው።

ወደ ግቢው ወጣን። እናቴ በማድ ቤቱ ግድግዳ ስር በዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ሰሃኑ በጉልበቷ ላይ ነው። አሥር አለቃው ከፊቷ ወንበር አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ከሎሚው ዛፍ ስር ፒፖን በሹራቤ ጠቅልዬ በጭኔ ላይ አስተኛሁት። በትግርኛ እንዳንነጋገር ታዘዝን። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ከባድ መሣሪያ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ ለምደነው ስለነበር ማንም ቀና አላለም።

እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰች። ትልቅ ነበር፤ በንዴት የተጎረሰ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ፤ እጇን በሆዷ ላይ አደረገች።

ፒፖን ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰጠሁትም። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩለት፣ ሆዱን በመዳፌ አሞቅኩት። በመጽሐፉ መሠረት መጠበቅ ብቻ ነው የሚቻለው። ከዚያ ተልባውን ለውሻው ልስጠው ብዬ ጠየቅኩ። አሥር አለቃው ለውሻው ስጠው፣ ወደ እሷ ግን ጠብታ እንዳያልፍ አለኝ። ስለዚህ የፋሲካውን ተልባ የጠጣው ውሻው ነው። ፍሬውን በነጠላ ጫፍ አጥልዬ የሚያዳልጠውን ውሃ በሻሂ ማንኪያ በከንፈሩ ዳር አንጠበጠብኩለት። አንድ ማንኪያ። ከዚያ እጄን አውርጄ ጠበቅኩ፤ ጉሮሮውን አየሁ፣ ሆዱን አዳመጥኩ። ሲረጋ ሌላ ማንኪያ። ደግሞ ጠበቅኩ።

ቀና ስል እናቴ እጄን እያየች ነው።

ጉርሻዋን አሳነሰችው። ማንኪያው ወደ ፒፖ አፍ ሲሄድ የእሷም ጣት ወደ አፏ ይሄዳል፤ እኔ ስጠብቅ እሷም ታኝካለች፤ የውሻው ሆድ ረግቶ ሌላ ማንኪያ እስክሰጠው ድረስ ሌላ አትቆርስም። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በማድ ቤቷ ውስጥ ያን ውሻ ሳበላ ታየኝ ነበር፤ አንዳንዴም ይህ ሁሉ ለውሻ ነው ወይ ትለኛለች። አሁን ግን ማንኪያዬን እያየች እሷም እንደሱ ሆነች። እኔም ያን ካየሁ በኋላ ለፒፖ ሳይሆን ለእሷ መጠበቅ ጀመርኩ። ውሻው ተጨማሪ ሲፈልግ እንኳ ዓይኗን አይቼ አዘገየዋለሁ።

«ምን ታንቀረፍፊያለሽ?» አላት አሥር አለቃው።

«ፋሲካ ነው» አለችው። «በፋሲካ አልቸኩልም።»

ሊስቅ ፈልጎ እንደተወው ታየኝ። ክላሹን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ።

ፀሐይዋ ከአናታችን ስትደርስ ሰሃኑ ተጋምሶ ነበር። ያን ጊዜ ፒፖ ባልጠበቅኩት ሰዓት ተነፋፍቶ እንደገና አስመለሰ፤ ቢጫ አረፋ በሹራቤ ላይ። ሽታው በግቢው ተሰራጨ። አሥር አለቃው ብድግ አለ። እኔ ግን ወደ እናቴ ነበር የማየው። ጉሮሮዋ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። ነጠላዋን በአፏ ላይ ጫነችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች ተገተሩ። ወደ አፏ የመጣውን መልሳ ዋጠችው። ነጠላውን ስታወርድ ደረቅ ነበር። አሥር አለቃው ዞሮ ሲያያት ከሰሃኑ ሌላ ቁራሽ አነሳች።

ይህን ነገር ለማንም ሰው ስናገር ይህቺን ቅጽበት ማስረዳት ያቅተኛል። ጩኸት የለም፣ የተመታ ሰው የለም። አንዲት ሴት በበዓል ቀን ዶሮ ወጥ እየበላች ነው። ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ሰዎች የወጡን ሽታ ሰምተው እርምጃቸውን ያቀዘቅዙ ነበር፤ እናቴን ቢያዩዋት ኖሮ ይቀኑባት ነበር።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ውሻው አረፈ። ውሃ በማንኪያ። ተልባ በማንኪያ። እትዬ አስካለ ሳትጠየቅ ሩዝ ጥዳ የሩዙን ውሃ አመጣችልኝና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ቄጤማው አሁንም በራሷ ላይ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔ ነኝ እያለች በለሆሳስ ታለቅሳለች። ይህን ለባሏ እንድትነግረው ነገርኳት። ነግሬዋለሁ አለችኝ፤ ምን አለ ስላት፣ «አንቺ የሰጠሽው የእሷን ወጥ ነው አለኝ» አለች።

የማኪናው ድምፅ የተሰማው እናቴ የመጨረሻውን ቁራሽ በሰሃኑ ላይ የቀረውን ቅቤ ስትጠርግበት ነው። ሻለቃው ቀበቶውን እያሰረ ወጣ። መጀመሪያ እናቴን አያት። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ተነሺ አላት፤ ተነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አስቀምጠው።»

ፒፖን ከጭኔ አውርጄ በአራት እግሩ አቆምኩትና እጄን ለቀቅኩ። ወዲያው ወገቡ ተንቀጠቀጠ። የኋላ እግሮቹ ተከፈቱ። የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ሲወዛወዝ ቆየ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ፣ አንድ ሁለት እያለ፣ እናቴ ሰሃኑን ወዳስቀመጠችበት ሄደና ማሽተት ጀመረ። እናቴ ጎንበስ ብላ ሰሃኑን ከፊቱ አነሳችበት።

«ይበቃሃል» አለችው በአማርኛ።

ሻለቃው ልቀቃት አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወጥ ሳይቀምስ ማኪናው ውስጥ ገባ። አሥር አለቃው ግን ከመከተሉ በፊት አካፋ አስያዘኝ። ድስቱ ውስጥ የቀረውን በሎሚው ስር ጉድጓድ አስቆፍሮ አስደፋኝ፤ አፈሩንም በቡቱ ረገጠው። ዶሮው ከነእንቁላሉ ነው የተቀበረው። በዚያ ዓመት አስመራ ውስጥ ከእኔ ሌላ ምግብ የቀበረ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። እናቴ ክንዴን ይዛለች። ሰላምታ ለሚሰጡን ሁሉ ርሑስ በዓል፣ መልካም በዓል እያለች መለሰች። ማይ ጭሆት ልንደርስ ስንል ከአንድ አጥር ጀርባ ገባችና ሁሉንም አወጣችው። ስትጨርስ፣ «አፈር አልብሰው ወደይ፣ ልጄ፣ ማንም እንዳያየው» አለችኝ። አለበስኩት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ተኛች። እግሮቿ አበጡ፣ ምንም ነገር አይረጋላትም። ሐኪም ቤቱ በቁስለኛ ተሞልቶ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ እሱን አደረግኩ፤ ውሃ በማንኪያ፣ የሩዝ ውሃ፣ እህሉ እስኪፈርስ የተቀቀለ ሩዝ። ሩዙን ያመጣችልን እትዬ አስካለ ራሷ ናት። በቆርቆሮ ይዛ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ እስከ ቤታችን መጣች። ቆርቆሮውን በሩ ላይ አስቀምጣ ሳትቀመጥ ቆመች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና የቐንየለይ ብላ አመሰገነቻት። ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ሻለቃው ከግንባር ሳይመለስ ቀረ፤ እትዬ አስካለም ከመጨረሻዎቹ አውሮፕላኖች በአንዱ ሄደች። ፒፖን ለእኔ ሰደደችው።

ደርግ ወድቆ ከተማው ሲከፈት ወንድሜ ከሜዳ ተመለሰ። በሕይወት መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጭልፋና ድስት ይዞ መጣ፤ ጋሽ ተኽለ ከየት እንዳገኘው የማይታወቅ ሙክት እየጎተተ ደረሰ። ወንድሜ አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዛሬ ሾርባ ብቻ ነው የሚጠጣው አልኩ። ተሳቀብኝ፣ ተሰደብኩ፣ ስስታም ተባልኩ። ዝምተኛ ስለነበርኩ እንደዚያ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። ግን አላስገባኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ይኸው ሆነ፤ አሁን የምሠራው ከበረሃና ከስደት ለተመለሱ ሕፃናት ምግብ በሚሰጥበት ቤት ማድ ቤት ውስጥ ነው። የተማርኩት ትምህርት የለም። ከሲኞራ መጽሐፍና ከዚያ ቀን በቀር።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተራበ ሰው ቤታችሁ ሲገባ ያላችሁን ፍቅር በአንድ ሰሃን አትስጡት። እትዬ አስካለ ፒፖን ትወደው ነበር፤ ያን ዳቦ ቅቤ ውስጥ ስትነክር ፊቷ ያበራ ነበር። ትንሽ ስጡ፣ ጠብቁ፣ ዓይኑን እዩ፣ ደግሞ ትንሽ ስጡ። ሰው ሲበላ ደግሞ ጉርሻውን አትቁጠሩበት።

ይህን የመጨረሻውን የምለው በእናቴ ምክንያት ነው። ዳነች፤ ዛሬም አብራኝ አለች። ትስቃለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ለወንድሜ ሠርግ እስክስታ ወርዳለች። ነገር ግን ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ሰው እያያት በልታ አታውቅም። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትበላው። ኋላ ኋላ ያ እንኳ ከበዳት። ጉርሻ አትቀበልም፤ ከሠርጉ ማዕድ ላይ ተነስታ የሄደችውም ለዚህ ነበር፤ የወንድሜ ሚስት እስካሁን የጠላቻት ይመስላታል።

እኔ ምሳዋን ከፊቷ አቀርብና ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ግቢው ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትጨርስ ትጠራኛለች።